ሶኬቱ ከበሩ ጀርባ፣ ቴፑ ከመስኮቱ ሥር

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ እየገዛሁ ነው የማነበው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ታክሲ ሰልፉ ትጽፋላችሁ፤ እሰየው። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሶኬት ነው። ሳሎናችን ውስጥ ቴፕና ስፒከር የምናስቀምጥበት ቦታ ሌላ፣ ሶኬቱ ያለበት ቦታ ሌላ ይሆንብንና መሐሉን በቀጭን ኤክስቴንሽን እየሞላን እንኖራለን። ብዙ ቤት ገብቼ አይቻለሁ። ከምንጣፍ ሥር፣ ከሶፋ ጀርባ፣ ደፍ ላይ በር የሚረግጠው ገመድ። እኔ ቤት ይኸው ገመድ ምንጣፍ አቃጥሏል። ሰው አልተጎዳም፣ ፈጣሪ ይመስገን። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከኮንዶሚኒየሞቹ ወጣ ብሎ በብሎኬት የሠራናት ቤት ውስጥ። ቤቱን ስንሠራ ገንዘቡ እያጠረን፣ ሲሚንቶው እየተወደደብን፣ ብቻ ቶሎ ገብተን ከኪራይ እንገላገል እያልን ነበር። የመብራት ሠራተኛው ግድግዳው ሳይለሰን መጣና "ጋሼ፣ ሶኬት የት የት ላድርግ?" አለኝ። እኔም "አንተ የመሰለህ ቦታ" አልኩት። እሱም ለቆጣሪው የሚቀርበውን ቦታ መረጠ፤ ሽቦ ይቆጥባል። ከበሩ ጀርባ አንዲት ሶኬት ተተከለች። ለ7 ሜትር ሳሎን አንዲት ሶኬት! ያቺ የግማሽ ደቂቃ ንግግር ስንት ዓመት እንደተከተለችኝ አሁን ነው የሚገባኝ።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ዕድሜዋ ሰማንያን አልፏል። የጠዋት ፀሐይ የሚገባው በመስኮቱ በኩል ስለሆነ ወንበሯ እዚያ ነው፤ ከዚያ ተነሺ ማለት አይሆንም። ጆሮዋ ደክሟል። ስፒከሩ አጠገቧ ካልሆነ መዝሙሩንም ዜናውንም አትሰማም፤ ከሩቅ ድምፁን ከፍ ብናደርገው ደግሞ የጎረቤት ሕፃን ይነቃል። እና ወንድሜ ከዱባይ ሆም ቴአትር ሲያመጣልን ማጉያውን ከነዉፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ ከሚያወጣው ትልቁ ስፒከር ጋር) መስኮቱ ሥር አስቀመጥነው። ሶኬቱ በሩ ጀርባ፣ ቴፑ መስኮቱ ሥር። በግድግዳው ዙሪያ ሲለካ 11 ሜትር።

እናቴ ለሬዲዮ ያላት ፍቅር የቆየ ነው። ልጅ ሳለሁ ሬዲዮናችን የሚሠራው በድንጋይ ነበር። ስድስት ትልልቅ ድንጋይ ይወስዳል፤ አንዱ 1.5 ቮልት፣ ስድስቱ ሲደረደሩ 9 ቮልት። ሲደክሙ ታወጣቸውና ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች፤ ለማታው ዜና ትንሽ ነፍስ ይዘሩላታል። ሬዲዮዋን በማንጠልጠያው ይዛ ጓዳ ስትገባ ጓዳ፣ ደጅ ስትወጣ ደጅ ነበር። ያንን እያስታወስኩ ነው ስፒከሩ እሷ ካለችበት ይሁን ያልኩት። እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት ገመዱ ላይ ነው።

ለ11 ሜትሩ ከሰፈር ሱቅ ሁለት ዲቫይደር (ባለ ብዙ ቀዳዳ ኤክስቴንሽን) ገዛሁ። ነጭ፣ ባለ አምስት ቀዳዳ፣ ጀርባው ላይ 13 አምፒር 250 ቮልት የሚል የታተመበት። አንዱን አንዱ ላይ ሰክቼ፣ ሰው እንዳያደናቅፍ ብዬ በምንጣፉ ሥር አሳለፍኩት፣ የተረፈውን ገመድ ደግሞ ጠቅልዬ ከሶፋው ሥር ወተፍኩት። ለወራት ምንም አልሆነም። ችግሩም ይኸው ነው፤ ምንም ሳይሆን ሲከርም ሰው ደህና ነው ይላል።

በፋሲካ ማግስት እንግዳ ነበረን። ቤቱ ሞልቷል፣ ቡና ተጥዷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ስፒከሩ ይዘፍናል። ልጄ ቀሚሷን ልትተኩስ ካውያውን መስኮቱ ሥር ባለው ዲቫይደር ሰካች። ባለቤቴ ደግሞ ውሃው ቶሎ ይፍላ ብላ የኤሌክትሪክ ማፍያውን እዚያው ጎኑ ሰካችው። ማንም ልብ አላለም። ቀዳዳው ክፍት ነው፣ ሰው ይሰካል፤ ሌላ ሶኬትማ የት አለና?

ቀድማ የሸተታት እናቴ ናት። "ላስቲክ ይሸተኛል" አለች። "ዕጣኑ ነው እማዬ" አልናት። "ዕጣን እንዲህ አይሸትም" አለችና ከወንበሯ ልትነሳ ሞከረች። ምንጣፉን ገለጥኩት። ሁለቱ ዲቫይደሮች የተሰካኩበት ቦታ ቡናማ ሆኗል፤ ፕላስቲኩ እንደ ሰም ቀልጦ የመሰኪያውን እግሮች ነክሶ ይዟቸዋል። የምንጣፉ ፀጉር አንድ ስንዝር ያህል ጠቁሮ በዳር በኩል ቀይ ፍም ይዞ ነበር። ሮጬ ሄጄ ከቆጣሪው አጠፋሁ። አንዱ እንግዳ የውሃ ጆግ አንስቶ ስለነበር "ውሃ አታፍስስ!" ብዬ ጮህኩ፤ ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር ላይ ውሃ አይደፋም፣ መጀመሪያ ማጥፋት ነው። ከጠፋ በኋላ በእርጥብ ጆንያ አፈንነው። የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው። እኛ ቤት ያን ቀን በቃሉ የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ አሁን በሩ ጀርባ ጽፈን ለጥፈነዋል።

በማግስቱ ሌላ የመብራት ሠራተኛ ጠራሁ። ወጣት ልጅ ነው፣ ሥራውን የሚወድ። የተቃጠለውን ገመድ በፒንሳ ቆረጠውና ውስጡን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ላዩ ቀይ ነው፣ መዳብ ይመስላል። ሲፋቅ ግን ነጭ ወጣ። "ጋሼ፣ ይኼ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው" አለኝ። ከንጹሕ መዳብ ይልቅ ቶሎ ይሞቃል፣ ሲታጠፍ ሲታጠፍም ክሩ ውስጥ ለውስጥ ይበጣጠሳል። ከዚያ ገመዱ ላይ በጣም በደቃቁ የተጻፈ ቁጥር አሳየኝ፣ 0.75 ይላል፤ የሽቦው ውፍረት በስኩዌር ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ጀርባው ላይ 13 አምፒር የተባለው ለቀዳዳዎቹ ነው እንጂ ገመዱ ያን አይችልም።

እኔ አንድ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላኝ ነበርና ጠየቅኩት። ብሬከር አለን፣ ታዲያ ለምን ራሱ አላጠፋም? መልሱን እንዳለ ልጻፍላችሁ፣ ምክንያቱም ከጠየቅኳቸው ጎረቤቶች ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አላገኘሁም። "ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው" አለኝ። ግድግዳዬ ውስጥ ያለው ባለ ሁለት ተኩል ሽቦ ነው፤ ብሬከሩም 20 አምፒር ነው። 20 እስኪያልፍ ዝም ይላል። ካውያው 2000 ዋት፣ ማፍያው 1500 ዋት፣ በድምሩ 3500። ይህን ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፒር ይመጣል። ለብሬከሩ 16 ሰላም ነው። ለዚያ ቀጭን ገመድ ግን መዳብ እንኳ ቢሆን ልኩ 6 አምፒር ነበር። ሙቀቱ ደግሞ እንደ አምፒሩ እኩል በእኩል አይደለም የሚጨምረው። አምፒሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ6 ወደ 16 ሲሄድ ሰባት እጥፍ። ከላዩ ምንጣፍ ተደርቦበታል፣ ሙቀቱ መውጫ የለውም፤ ሶፋው ሥር ደግሞ እንደ ጥቅል የተቀመጠው እርስ በርሱ ይሞቃቃል። መጀመሪያ የሚቀልጠው ብዙውን ጊዜ መሰካኪያው ነው። እዚያ ላይ ብረቱ ከብረቱ በደንብ አይገናኝም። ሬዲዮ ላይ "በኤሌክትሪክ ኮንታክት ሳቢያ የተነሳ እሳት" ሲባል ስንሰማ ሁላችንም ስለ ምሰሶው ሽቦ ነው የምናስበው። እኔ ቤት ከምሰሶው ጋር ምንም አላገናኘውም።

ልጁ የነገረኝን የገመድ ልክ እዚህ ላስፍረው፣ ለሚገዛ ሰው ይጠቅማል። ገመዱ ላይ 0.5 ከተጻፈ 3 አምፒር ድረስ፣ 0.75 ከሆነ 6፣ 1 ከሆነ 10፣ 1.5 ከሆነ 16። ምንም ካልተጻፈበት አትግዙት።

አሁን ወደ ቴፑ ልመለስ። ብዙ ሰው ስፒከር ትልቅ ስለሆነ፣ ድምፁም ግድግዳ ስለሚነቀንቅ ብዙ መብራት የሚበላ ይመስለዋል። ካርቶኑ ላይ 5000 ዋት፣ 10000 ዋት፣ "ፒኤምፒኦ" የሚል ይጽፋሉ። ይህ ለሽያጭ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ የሚለካበት የተስማሙበት መንገድ የለውም። አስቡት፣ 10000 ዋት እውነት ቢሆን ኖሮ ከ45 አምፒር በላይ ይስባል፣ ባለ 20 አምፒሩ ብሬከራችን አይችለውም። ትክክለኛው ቁጥር ዕቃው ጀርባ፣ ገመዱ የሚወጣበት አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። የእኔ 80 ዋት ይላል። ይህ ማለት ግማሽ አምፒር እንኳ አይሞላም። እናቴ በምትሰማው ድምፅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ ቴፕ ብቻውን ቢሆን ያ ርካሽ ዲቫይደርም ዕድሜ ልኩን ይሸከመው ነበር። በ11 ሜትር ገመድ ላይ የሚጠፋው ግማሽ ቮልት እንኳ አይሞላም፤ "ኤክስቴንሽን ሲረዝም ድምፁ ይደክማል" የሚሉትም እውነት አይደለም፣ ሳሎን ውስጥ ባለ ርቀት በጆሮ የሚለይ ነገር የለም። ቤት የሚያቃጥለው ለቴፑ ተብሎ የተዘረጋው ገመድ መጨረሻ ላይ ክፍት ቀዳዳ መኖሩ ነው። ክፍት ቀዳዳ ካለ ካውያ ይሰካል። ምጣድ ለመሰካት የሞከረ ሰውም አውቃለሁ፣ ምጣድ ብቻውን 3000 ዋት እያለፈ። ኤክስቴንሽን የግድ ከሆነባችሁ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለውን፣ ወፍራሙን፣ ሳይቀጠል የሚደርሰውን ግዙ፤ ከምንጣፍ በላይ በግድግዳው ጥግ አስኪዱት፣ የተረፈውን አትጠቅልሉት።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ሶኬቱን ወደ ስፒከሩ ማምጣት ይሻላል ባይ ነኝ። እኛ ቤት ያ ልጅ ከመገንጠያው ሳጥን ተነስቶ ግድግዳ ላይ በሚለጠፈው ነጭ የፕላስቲክ መሸፈኛ ውስጥ ባለ ሁለት ተኩል ሽቦ፣ ሦስት መስመር፣ እስከ መስኮቱ ሥር አደረሰልን። ግድግዳ አልፈረሰም፣ አቧራም የለው። ከምሳ በፊት ጀምሮ ከምሳ በኋላ ጨረሰ። አሁን እናቴ ወንበር አጠገብ ባለ ሁለት ሶኬት አለ። ካውያም ቢሰካበት ሽቦው ይችለዋል።

ሦስተኛው መስመር ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ ሽቦ) ነው። እዚህ ላይ ሌላ ጉድ ወጣ። ሶኬቱ ጎን ላይ ያሉት ሁለት ቀጫጭን ቆርቆሮዎች ለኧርዝ የተሠሩ ናቸው፤ ልጁ ሶኬቱን ፈቶ ሲያይ ከኋላቸው ምንም ሽቦ የለም። ለካ ማጉያውን በእጃችን ጀርባ ስንነካው ሲነዝረን የነበረው ለዚህ ነው። እኛ እኮ "ትንሽ ነገር ነው፣ ጫማ አድርጋችሁ ንኩ" እየተባባልን ነበር! ግቢያችን ውስጥ የልብስ ማጠቢያው ውሃ የሚፈስበት፣ አፈሩ እርጥብ የሆነው ጥግ ላይ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የመዳብ ዘንግ መትቶ አስገባና ከቆጣሪው ሳጥን ጋር አገናኘው። ንዝረቱ ጠፋ። ቆጣሪው አጠገብም በ30 ሚሊ አምፒር ልዩነት ራሱን የሚያጠፋ ብሬከር ጨመረልን። ተራው ብሬከር ሽቦውን ይጠብቃል፤ ይኼኛው ሰው ሲይዘው የሚያጠፋው ነው።

ከዱባይና ከአረብ አገር የሚመጣ ዕቃ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሦስት ወፋፍራም አራት ማዕዘን እግር ያለው መሰኪያ ይዞ ይመጣል፣ የእኛ ግድግዳ ላይ አይገባም። ሰው ወይ ርካሽ ማቀያየሪያ ይገዛል ወይ ጭንቅላቱን ቆርጦ ባለ ሁለት እግር ያስርበታል። ማቀያየሪያው ከላላ ሲሰካ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ብልጭታው ራሱ እሳት ነው። ተቆርጦ ሲጣል ደግሞ ሁለት ነገር አብሮ ይጣላል፦ ኧርዙና እዚያ ጭንቅላት ውስጥ ያለችው ትንሽ ፊውዝ። የግድ የሚቀየር ከሆነ የጎን ቆርቆሮ ያለውን፣ ሦስቱም ሽቦ የሚታሰርበትን ጭንቅላት አስገቡለት።

ሁሉም ሰው ግድግዳ መንካት አይችልም፣ አውቃለሁ። ጎረቤቴ ተከራይ ነው፤ አከራዩ ምስማር እንኳ አያስመታውም። እሱ ቤት ያደረግነው ተቃራኒውን ነው። ማጉያውን ሶኬቱ አጠገብ አስቀመጥነውና የስፒከሩን ሽቦ አስረዘምነው። የስፒከር ሽቦ 220 ቮልት አይሸከምም፣ ምንጣፍ ዳር ቢሄድም ሰው አይነዝርም። ግን መጀመሪያ ከካርቶኑ የወጣችውን እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ በናስትሮ እየቀጠልን 12 ሜትር አደረስናትና ዉፈሩ ሞተብን። ድምፅ አለ፣ ጉልበት የለም። ምክንያቱ ሂሳብ ነው። ስፒከሩ ጀርባው ላይ 4 ኦም ይላል፤ ኦም ማለት ሽቦ ወይም ዕቃ ኤሌክትሪክን የሚያግድበት ልክ ነው። ባለ 0.5 መዳብ ሽቦ 12 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 24 ሜትር ነው፣ ወደ 0.8 ኦም ይሆናል፤ ለስፒከሩ ከሚላከው ጉልበት ስድስተኛው እጅ የሚጠፋው ሽቦው ላይ ነው። በየቅጥያው ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ባለ ሁለት ተኩል ሽቦ ሳይቀጠል ስናደርግለት 0.17 ኦም ብቻ ሆነ። ያው የቤት መብራት የሚሠራበት ሽቦ ነው፤ ሽቦው ላይ ወርቃማ ቀለም ስለተቀባ ብቻ ዋጋው የሚቆለለውን መግዛት አያስፈልግም። ስታስሩት ማጉያው ጠፍቶ ይሁን፣ የሁለቱ ጫፍ ክሮች እንዳይነካኩ፤ ቢነካኩ ማጉያውን ሊያቃጥሉት ይችላሉ። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። አንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ከተገለበጠ ሁለቱ ስፒከሮች አንዱ ሲገፋ አንዱ እየሳበ ወፍራሙን ድምፅ ይበሉታል። እሱ ቤት ይህም ደርሶብን ነበር፤ ግማሽ ቀን ፈጅተን ነው ያገኘነው።

አንድ ዘመዴ ይህን ሁሉ ሰምቶ "ዋይርለስ ግዛና ተገላገል" አለኝ። እሱ ራሱ ገዝቶ ነበር። ካርቶኑን ሲከፍት እያንዳንዱ ስፒከር የራሱ የመብራት ገመድ ይዞ ወጣ። በአየር የሚሄደው ድምፁ ብቻ ነው፤ መብራቱን ከየትም አያመጣም። ቀድሞ ለአንድ ማጉያ አንድ ሶኬት ይፈልግ የነበረ ሰው አሁን ለሁለት ስፒከር ሁለት ሶኬት ይፈልጋል። ሻጩ ይህን ሊነግረው ይገባ ነበር። በባትሪ የሚሠራው ሌላ ነው። እሱን ቀን ቻርጅ አድርጋችሁ ማታ የትም ታስቀምጡታላችሁ፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ለአንድ አዛውንት፣ ለአንድ ክፍል፣ ከበቂ በላይ ነው። እኔም መጀመሪያውኑ ለእናቴ ይህን አለማሰቤ ይቆጨኛል። የሞተር ሳይክል ባትሪ የምታክል ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ላይ ማጉያ የሚያስነሱ ልጆች ሰፈራችን አሉ። 84 ዋት ሰዓት ናት፤ 20 ዋት ብትስቡባት በወረቀት አራት ሰዓት፣ ባትሪውን ላለመግደል ግማሹ ላይ ማቆም ስላለባችሁ በተግባር ሁለት ሰዓት። ለልደት ይበቃል፣ ለቀን ተቀን አይሆንም።

ስለ ጩኸቷም ልናገር፣ ብዙ ሰው ስፒከሩ የተበላሸ ይመስለዋልና። ከስፒከሩ ውስጥ ያለማቋረጥ "ዝዝዝ" የምትለው። እኛ ቤት ቲቪው አሮጌው ሶኬት ላይ፣ ማጉያው አዲሱ ላይ ሆነው ሲገናኙ ጮኸ። ሁለቱን ወደ አንድ ሶኬት ስናመጣቸው ቆመ። የመብራቱን ገመድና የድምፁን ገመድ ጎን ለጎን አስሮ ማስኬድም ያንኑ ያመጣል፤ መገናኘታቸው ካልቀረ መስቀልያ ይተላለፉ። ቲቪያችሁ ኦፕቲካል የሚባለው መውጫ ካለው በእሱ አገናኙ። በዚያ ገመድ የሚሄደው ብርሃን ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሻግርም፣ ጩኸቱም አብሮ አይመጣም።

ከእኛ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቆጣሪ ያልገባላቸው ቤቶች አሉ። መብራት የሚስቡት ከጎረቤት ነው፣ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ በተንጠለጠለ ሽቦ፣ አንዳንዱ 50 ሜትር ይሆናል። እዚያ ጉዳዩ ከሳሎን ሶኬት ያለፈ ነው። ሽቦው ባለ አንድ ተኩል ከሆነና ምጣድ ከተጣደ 20 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በእንጀራ ሰዓት አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ማጉያውም እየጠፋ ይበራል። ስፒከር የተበላሸ መስሏቸው ለጠጋኝ የሚወስዱትን አይቻለሁ። ዕቃው ጤነኛ ነው። ስታቢላይዘር ቢገዙም ለቴፑ ቮልቱን ያስተካክልለታል እንጂ ያ ሽቦ መሞቁን አይተውም። እነዚህ ሰዎች ቆጣሪ ይግባልን ብለው ከጠየቁ ስንት ጊዜያቸው ነው። ይግባላቸው እላለሁ፣ በጋዜጣ ይነበብልኝ።

አሁን ቤት እየሠራችሁ ላላችሁ፣ በተለይ በእኛ አካባቢ፣ በገላን በኩል፣ በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በየቦታው ብሎኬት እየደረደራችሁ ላላችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ። ግድግዳው ሳይለሰን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስት ሆናችሁ ጠመኔ ይዛችሁ ግቡ። ሶፋው እዚህ፣ ቲቪው እዚህ፣ የእናት ወንበር እዚህ ብላችሁ ሳሉ። በእያንዳንዱ ግድግዳ ቢያንስ አንድ ሶኬት። ሚስት ትምረጥ፤ ካውያው የት እንደሚሰካ፣ ማፍያው የት እንደሚሰካ የምታውቀው እሷ ናት፣ እኔን ቢጠይቁኝ አልመልስም ነበር። ከማጉያው ቦታ ወደ ስፒከሮቹ ባዶ ቱቦ በግድግዳው ውስጥ አስቀብሩ፣ ሽቦ በኋላ ይገባበታል። ብሎኬት ባዶውን ሳለ ይህ ምንም ወጪ አይደለም፤ ከተለሰነና ከተቀባ በኋላ ነው ወጪው። ኮንዶሚኒየም የደረሳችሁ ደግሞ ኮለኑን (የሕንፃውን ምሰሶ) አታስፈልፍሉ፣ በላዩ በፕላስቲኩ አሻግሩ። የመብራት ሠራተኛ ወንድሞቼም "የት ላድርግ?" ስትሉ "የመሰለህ ቦታ" የሚላችሁን ሰው አትመኑት፤ ደግማችሁ ጠይቁት።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ጥያቄዬ ይህ ነው። ክረምት እየመጣ ነው፣ ሰው ቤቱ ይሰበሰባል፣ ሁሉም ነገር ይሰካል። አንድ ገጽ ስጡት። የሙያው ሰው አምጡና በገመድ ላይ ያሉት ቁጥሮች ምን ማለት እንደሆኑ፣ የትኛው ዲቫይደር ለምን እንደሚሆን፣ በሥዕል ያሳይ። እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት፣ እሱ አሟልቶ ይጻፈው። የተቃጠለውን ዲቫይደር አልጣልኩትም፤ ካርቶን ውስጥ አለ፣ አንዱ እግር አሁንም ከሌላው ጋር እንደተጣበቀ ነው። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ